ክብደት ያለው ፊልም፦ «ክሊፍሃንገር»ን ስለ ማየት

  ርዕሱን ራሴ እንድመርጥ ሲፈቀድልኝ ብዙ አላመነታሁም። የምናገረው ስለ «ክሊፍሃንገር» ነው፤ በ1993 ለእይታ ስለ በቃው፣ ፊንላንዳዊው ሬኒ ሃርሊን ዳይሬክት ስላደረገው፣ ሲልቬስተር ስታሎን ስለሚተውንበት አክሽን ፊልም። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ዓላማዬን አስቀድሜ ልናገር። ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴአትር በቁም ነገር የምንከራከር ሰዎች፣ አክሽን ፊልም ሲነሳ «ያው መተኳኮስ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ካየነው በኋላም ወደድነው እንጂ ለምን እንደወደድነው አንጠይቅም። እኔ ግን ይህ ደስታ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ሊመረመር ይችላል እላለሁ። የተራራ ፊልም ደስታ ምንጩ ክብደት ነው። ስክሪኑ ላይ የተንጠለጠለው ሰው ኪሎ እንዳለው፣ ከለቀቀም እንደሚወድቅ የእኛ ሰውነት ካመነ ፊልሙ ጨምድዶ ይይዘናል። ሰውነታችን ካላመነ የቱንም ያህል ቢፈነዳና ቢጋይ ልባችን አይነካም። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ በመክፈቻው ትዕይንት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ከዚያ ፊልሙ የት፣ በነማን ጉልበት እንደተሠራ እናገራለሁ። ቀጥዬ ፊልሙ የሚዋሻቸውን ውሸቶች አነሳለሁ፤ ምክንያቱም የሚወዱትን ነገር ጉድለቱን ጭምር አውቆ መውደድ ይሻላል።

ላላዩት ያህል ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጌብ ዎከር በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በሮኪ ተራሮች ላይ የሚሠራ የነፍስ አድን ባለሙያ ነው። በመክፈቻው ላይ አንዲት ሴት ከእጁ አምልጣ ትሞትበታለች። ሥራውንም አገሩንም ትቶ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ዕቃውን ለመውሰድ ሲመለስ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከአውሮፕላን ላይ ሊዘርፉ የሞከሩ ወንበዴዎች እዚያው ተራራ ላይ ይወድቃሉ። 100 ሚሊዮን ዶላር የያዙ ሦስት ሻንጣዎችም በየገደሉ ይበተናሉ። ወንበዴዎቹ የጠፉ መንገደኞች መስለው የድረሱልን ጥሪ ያሰማሉ፤ ሊረዷቸው የመጡትን ጌብንና የቀድሞ ጓደኛውን ሃልን ይይዙና ገንዘቡን ፈልጉልን ብለው ያስገድዷቸዋል። ታሪኩ ይኸው ነው። ከአምስት ዓመት ቀደም ብሎ «ዳይ ሃርድ» የሚባለው ፊልም አንድን ሰው ብቻውን ከወንበዴዎች ጋር ፎቅ ላይ አስገብቶ ነበር። ያንን ሐሳብ ወደ ተራራ የወሰደው ሃርሊን ራሱ የ«ዳይ ሃርድ» ሁለተኛ ክፍል ዳይሬክተር ነበር።

ወደ መክፈቻው ልመለስ። ሃል ጉልበቱን ተጎድቶ ከፍቅረኛው ከሣራ ጋር በአንድ ቀጭን የአለት ዓምድ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ሄሊኮፕተሩ እዚያ ማረፍ ስለማይችል፣ ከዓምዱ ጫፍ እስከ ማዶ ድረስ የብረት ገመድ ይዘረጋል። ሃል በቀበቶ ተንጠልጥሎ በደህና ይሻገራል። ከዚያ የሣራ ተራ ይሆናል። ልጅቱ ተራራ መውጣት ልማዷ አይደለም። ትፈራለች፤ ጌብ እየቀለደ ያደፋፍራታል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፣ ሰዎቹም ይሳሳቃሉ። ካሜራው አልፎ አልፎ ወደ ታች ያያል፤ ከሥር ያለው አየር ብቻ ነው።

መኻል ላይ ስትደርስ የቀበቶዋ ዘለበት ይላቀቃል። ይህን ትዕይንት ትልቅ የሚያደርገው ጥፋቱ የሚመጣው ከትንሽ ነገር መሆኑ ነው። ወንበዴ አልተኮሰም፣ ናዳ አልወረደም፤ አንዲት ዘለበት ናት። ካሜራውም ሊያስደነግጠን አይቸኩልም። ዘለበቷ ስትከፈት ያሳየናል፣ ከዚያ የሣራን ፊት፣ ከዚያ ጌብ ያለበትን ርቀት። ሃል ከማዶ ሆኖ ገመዱ ሁለት ሰው አይችልም እያለ ይጮኻል፤ ጌብ ግን ይሄዳል። ይደርሳል፣ እጇንም ይይዛል። የያዘው ግን ጓንቷን ነው። ጓንቱ ቀስ በቀስ ይሾልካል፤ ሴትዮዋ «እንዳትለቀኝ» እያለች እያየናት ትሄዳለች።

በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ፊልም ማየት የጀመርን ሰዎች አንድ ሕግ ተምረን ነበር፤ አክተሩ አይሞትም፣ የያዘውንም አያጣም። ስታሎን ደግሞ ለእኛ የዚያ ሕግ ዋና ምስክር ነበር። ከ«ሮኪ» ጀምሮ፣ በ1982 ከወጣው የመጀመሪያው «ራምቦ» ጀምሮ ክንዱን እያየን የተማመንበት ሰው ነው። «ክሊፍሃንገር» የሚጀምረው ያ ክንድ ሲሸነፍ ነው። ጡንቻው አልደከመም፣ ድፍረቱም አልጎደለም፤ የጨበጠው ነገር ጨርቅ ነበርና አልጠቀመውም። ከዚያ በኋላ ባለው ፊልም ሁሉ ጌብ እጁን ወደ አለት በዘረጋ ቁጥር ልባችን ይሰጋል። ሰውየው መጣል እንደሚችል አንድ ጊዜ አይተናልና። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያበደረንን ፍርሃት እስከ መጨረሻው ይሰበስበዋል።

ስለ ገመድ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ካላችሁ ጉዳዩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ወደ ገዳሙ የሚወጣው ሰው 15 ሜትር ገደማ በሚሆነው ገደል ላይ በእጁ የሚይዘው የጠፍር ገመድ አለ፤ ወገቡ ላይ ደግሞ ሌላ ጠፍር ይታሰርለታል። ያንን ከላይ ሆነው መነኮሳቱ ይስባሉ። አንዱ መውጫ፣ አንዱ መድኅን ነው። በመላው ዓለም የተራራ ወጪዎች ጥንቃቄ በዚሁ ላይ ቆሟል፦ አንድ ነገር ቢበጠስ የሚይዝህ ሁለተኛ ነገር ይኑር። ይህን የሚያውቅ ተመልካች የሣራን ትዕይንት ሲያይ ፍርሃቱ ቀድሞ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ማሰሪያ የት አለ ብሎ ይጠይቃልና። ስለዚያ ቀበቶ አንድ እውነት አለ። ዕቃው ከታወቀ የተራራ መሣሪያ አምራች የተገኘ ሲሆን፣ ለፊልሙ ሲባል ሆን ተብሎ እንዲላቀቅ ተለውጦ የተሠራ መሆኑ በፊልሙ ማብቂያ ጽሑፍ ላይ ተገልጿል። አምራቹ ሰዎች ፊልሙን አይተው ቀበቶውን መጠራጠር እንዳይጀምሩ መስጋቱ ስለ ትዕይንቱ ኃይል በቂ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳዬ ልለፍ፤ ይህ ሁሉ የት ተሠራ? ታሪኩ ኮሎራዶ ነው ይላል፣ የምናየው ተራራ ግን በአብዛኛው የሰሜን ጣሊያን ዶሎማይት ነው። ቀረጻው የተካሄደው በኮርቲና ዳምፔዞ ከተማ ዙሪያ ሲሆን፣ የውስጥ ትዕይንቶች ሮም በሚገኘው የቺኔቺታ ስቱዲዮ ተሠርተዋል። የሮኪ ተራሮችን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል። ዶሎማይት ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ሞቃት ባሕር ሥር የነበረ፣ ከኮራልና ከሌሎች የባሕር ፍጥረታት የተገነባ ድንጋይ ነው። ባሕሩ ሄዶ ምድሩ ሲነሳ ያ ገርጣ ያለ ድንጋይ ቀጥ ያለ ግድግዳና ነጠላ ዓምድ ሆኖ ቀረ። ካሜራ ዓምድ ይወዳል። የተንጣለለ ተራራ ቁመቱ በስክሪን ላይ ይጠፋል፤ ዓምድ ግን ግራና ቀኙ ሰማይ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከጎኑ ሲለጠፍበት ከፍታው ሳይነገረን ይገባናል።

ያ ምድር የጦርነት ምድርም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1915 ጀምሮ የጣሊያንና የኦስትሪያ ሃንጋሪ ወታደሮች በእነዚሁ ጫፎች ላይ ተዋግተዋል። አለቱን ፈልፍለው ዋሻ ሠርተዋል፤ ወታደርና ስንቅ ለማሻገርም የብረት ገመድና መሰላል በገደሉ ላይ ተክለዋል። ዛሬ ጎብኚዎች ከሚሄዱባቸው የብረት መንገዶች ብዙዎቹ ከዚያ ዘመን የመጡ ወይም በዚያ ፈለግ የተሠሩ ናቸው። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው የተንጠለጠለ ድልድይ በእውኑ በክሪስታሎ ተራራ ላይ፣ ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ላይ ይገኛል። በፊልሙ ሲፈነዳ የታየው ድልድይ ዛሬም ቆሟል፤ ሰዎችም ይሻገሩበታል።

ተራራው እውነት ከሆነ፣ የወጡትስ? እዚህ ላይ አንድ ስም በክብር ልጥራ፤ ቮልፍጋንግ ጉሊሽ። በ1960 የተወለደ ጀርመናዊ አለት ወጪ ነው። በ1991 በጀርመን፣ ፍራንከንዩራ በሚባለው አካባቢ «አክሲዮን ዲሬክት» የተባለውን መንገድ በመውጣት በዓለም ላይ እስከዚያ ድረስ ያልተደፈረ የአስቸጋሪነት ደረጃ ላይ ደረሰ። መንገዱ በአንድና በሁለት ጣት ብቻ የሚያዙ ጠባብ ቀዳዳዎች ያሉበት፣ ወደ ውጭ የዘመመ አለት ነው። ጉሊሽ ለዚያ ሲል እግር ሳያስነኩ በጣት ብቻ የሚወጡበትን የመለማመጃ ሰሌዳ ፈለሰፈ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ አለት ወጪዎች ይጠቀሙበታል። በ«ክሊፍሃንገር» የስታሎን ምትክ ሆኖ ገደል ላይ የተንጠለጠለው ይህ ሰው ነበር። በነሐሴ 1992፣ ፊልሙ ገና ለእይታ ሳይበቃ፣ በመኪና አደጋ ምክንያት በ31 ዓመቱ ሞተ። የመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ፊልሙ መታሰቢያነቱ ለእሱ መሆኑ ተመልክቷል። ከእሱ ሌላ በአሜሪካ የዮሰሚቴ ሸለቆ ታዋቂ የሆነው አለት ወጪ ሮን ካውክም ተሳትፏል። የፊልሙ መነሻ ሐሳብ ራሱ የጆን ሎንግ ነው፤ ሎንግ በ1975 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በዚያው ሸለቆ ባለው ኤል ካፒታን ገደል ላይ ያለውን «ኖዝ» የተባለ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው ነው። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ጣት አለት ሲነካ የምናየው እንቅስቃሴ እምነት የሚጣልበት የሆነው በዘመኑ ካሉት ምርጥ ጣቶች በመዋሱ ነው።

ከገደሉም በላይ የሚያስደንቅ ሥራ አለ። ገንዘቡ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አንድ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ በሁለት በሚበሩ ጄቶች መካከል ይታያል። ይህ ተንኮል የለበትም። ሳይመን ክሬን የተባለ እንግሊዛዊ የስታንት ባለሙያ 15 ሺህ ጫማ፣ ማለትም 4,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በእውን አድርጎታል። የተከፈለው 1 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በአየር ላይ ከተሠሩ ስታንቶች ሁሉ በውድነቱ በጊነስ መዝገብ ሰፍሯል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆመውን ራስ ዳሸንን በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡት፤ በዚያ ከፍታ፣ ከሥሩ መሬት የሌለው ሰው በጄት ፍጥነት እየተጎተተ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ይህን ነጥብ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። «ክሊፍሃንገር» አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው በ1993 በግንቦት መጨረሻ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ «ጁራሲክ ፓርክ» መጣ፤ ኮምፒውተር የሌለን ፍጡር ሥጋና ቆዳ አልብሶ ማሳየት እንደሚችል ለዓለም አሳየ። በቀጣዩ ዓመት «ክሊፍሃንገር» ለሦስት ኦስካሮች ታጨ፤ ለድምፅ፣ ለድምፅ ኤዲቲንግና ለምስል ኢፌክት። ሦስቱንም «ጁራሲክ ፓርክ» ወሰዳቸው። በዚያ ምሽት አንድ ዘመን ለሌላው ቦታውን ለቀቀ ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ በ«ክሊፍሃንገር»ም ውስጥ አልጠፋም፤ የደኅንነት ሽቦዎችን ከምስሉ ላይ ለማጥፋት አገልግሏል። የሁለቱ አጠቃቀም ግን ይለያያል። በአንዱ ኮምፒውተሩ የሌለውን ይጨምራል፤ በሌላው በእውኑ ተንጠልጥሎ ከነበረ ሰው ላይ ማሰሪያውን ብቻ ይቀንሳል። ዛሬ ጀግኖች ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሲወነጨፉ እያየን ስልካችንን የምንነካካው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ መልሱን የማገኘው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችን ኪሎ የሌለውን አካል ያውቃል፤ ሲወድቅም ልባችን አብሮት አይወድቅም።

ሦስተኛው ጉዳዬ ውሸቱ ነው። ፊልሙን ያዩ ተራራ ወጪዎች ከሁሉ በላይ የተቃወሙት ጌብ የሚይዘውን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ነው። አለት ላይ ይተኩሰዋል፣ ብረቱ ይሰካል፣ ወዲያው ይንጠለጠልበታል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። በእውኑ አለት ላይ ብረት ለመትከል ቀዳዳው ይሰረሰራል፣ ብረቱ ይገባል፣ ውስጥ ውስጡን እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል። የሚገርመው፣ ለሥራው ሞተር ተሸክሞ የወጣ እውነተኛ ሰው መኖሩ ነው። ከዚያው ከዶሎማይት አካባቢ የተነሳው ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማየስትሪ በ1970 ደቡብ አሜሪካ፣ ፓታጎንያ ውስጥ ባለው ሴሮ ቶሬ ተራራ ላይ በቤንዚን የሚሠራ ኮምፕሬሰር ገመድ ለገመድ እየጎተተ አወጣ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብረቶችንም ተከለ። የተራራው ዓለም ይህን ድርጊት እንደ ነውር ቆጠረው፤ ክርክሩ ዐርባ ዓመት ቆየ። በ2012 ሁለት ወጣቶች ያለ እነዚያ ብረቶች እርዳታ ወጥተው፣ ሲወርዱ ብዙዎቹን ነቀሏቸው፤ ይህም በተራው ሌላ ጭቅጭቅ አስነሳ። አንድ ሰው ይህን ታሪክ አውቆ የጌብን ሽጉጥ ሲያይ፣ ነገሩ ፊልም ሠሪዎች ያመጡት ማሳጠሪያ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። ተራራን በማሽን ማሸነፍ የሚለው ፈተና ከፊልሙ በፊትም ነበር።

ሌላው ውሸት ብርዱ ነው። ስታሎን በረዶ ላይ በአንድ ቀጭን ልብስ ክንዱን አራቁቶ ይወጣል። ፊልሙ ምክንያት አበጅቶለታል፤ ወንበዴዎቹ እንዳያመልጥ ጃኬቱን ይገፍፉታል፣ እግሩንም በገመድ ያስሩታል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፣ ያን ያህል ሰዓት በሕይወት መቆየቱ ግን አያሳምንም። እኔ ይህን ይቅር እለዋለሁ፤ ብርዱ አንድ ግሩም ትዕይንት ወልዷልና። ጌብ ከአንደኛው ሻንጣ ያወጣውን ገንዘብ ለመሞቅ ያነደዋል። ሰው የተገደለበት፣ አውሮፕላን የወደቀበት ወረቀት በተራራው ላይ እንደ ጭራሮ ይነዳል። ከወንበዴዎቹ አለቃ ንግግር ሁሉ ይልቅ ተራራው ለገንዘብ የሚሰጠውን ዋጋ ይህ ትዕይንት ያሳያል። አለቃውን የሚተውነው ጆን ሊትጎው ነው፤ ቀዝቃዛ ድምፁና አነጋገሩ ለሚናው ይስማማሉ። ከእሱ ይልቅ ግን እኔን የሚይዘኝ በማይክል ሩከር የተወከለው ሃል ነው። ሃል ጌብን ይጠላል፤ ፍቅረኛው የሞተችው በእሱ እጅ ነው። አሁን ደግሞ ሁለቱ ለሕይወታቸው አንዱ በሌላው ላይ መተማመን አለባቸው። የሩከር ፊት ይህን ጥላቻና ይህን ግዴታ አብሮ ይሸከማል።

ፍርዴን ሳልደብቅ ልናገር። ፊልሙ ከእኩሌታው በኋላ ይደክማል። ጠብመንጃው ይበዛል፣ ወንበዴዎቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ፣ ገደሉም ለጥቂት ጊዜ የጀርባ ሥዕል ብቻ ይሆናል። በ1975 ክሊንት ኢስትውድ የሠራው «ዘ አይገር ሳንክሽን» በዚህ ረገድ ይለያል። ኢስትውድ ስዊዘርላንድ ውስጥ አይገር ተራራ ላይ በእውኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ዋጋውም ከባድ ነበር፤ በ1974 በቀረጻው ወቅት ዴቪድ ኖውልስ የተባለ እንግሊዛዊ ተራራ ወጪ ድንጋይ ወድቆበት ሞቷል። ያ ፊልም በስለላ ታሪኩ ቀርፋፋ ነው፣ ተራራው ላይ ሲደርስ ግን ይነሳል። «ክሊፍሃንገር» በተቃራኒው ከተራራው ጀምሮ ወደ ተኩሱ ይወርዳል። ሁለቱም ያው አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ ገደሉ ሲናገር ፊልሙ ይናገራል። በመጨረሻው ፍልሚያ ሄሊኮፕተሩ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ሁለቱ ሰዎች ሲተናነቁበት፣ ጥያቄው እንደገና ወደ ክብደት ይመለሳል። ምን ያህል ይይዛል? መቼ ይበጠሳል? ፊልሙም ያኔ ጉልበቱን ያገኛል።

ከመጨረሴ በፊት ስለ አስተያየት፣ ማለትም ፊልሙን እንዴት ብናየው እንደሚበጅ፣ ጥቂት ልበል። ከፍታ በትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም። በስልክ የሚታይ ገደል የጣት ያህል ነው፤ ያስፈራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የምትችሉ በትልቁ ስክሪን፣ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ድምፁ ለኦስካር የታጨበት ሥራ ነው። ከሰው ጋር እዩት። ፍርሃት በሕዝብ መካከል ይበረታል፣ እፎይታም እንዲሁ። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ደግሞ ፊቶቹን ትታችሁ እጆቹን ተከተሉ፤ የትኛው እጅ አለት እንደጨበጠ፣ የትኛው በሌላ እጅ ላይ እንደተመካ ተመልከቱ። ያኔ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆንላችኋል።

ፊልም የምታስተምሩ መምህራን በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የመጨረሻ ቃሌ ለእናንተ ነው። የዚህን ፊልም የመክፈቻ ትዕይንት ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳዩ፤ አንድ ጊዜ ድምፁን ዘግታችሁ፣ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ። ተማሪዎቻችሁ ካሜራው መቼ ወደ ዘለበቷ እንደሄደ፣ መቼ ወደ ፊት እንደተመለሰ፣ እያንዳንዱ ምስል ስንት ሰከንድ እንደቆየ እየጻፉ ይከታተሉ። እኛም ገደል አለን፣ ገመድ አለን፣ ጎበዝ አለት ወጪ ልጆችም አሉን። የእኛን ተራራ ፊልም የሚሠሩት ልጆች ከየት እንደሚጀምሩ ከዚያ ትዕይንት ይማራሉ።